ከቅሬ መዝገብ እስከ ኮምፒዩተር፦ የቤተሰብ ገቢና ወጪ አመዘጋገብ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ

በሌላው የአገራችን ክፍል እድር የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል። ከወልድያ እስከ መርሳ ባሉት ከተሞችና በዙሪያቸው በሚገኙት የሀብሩ መንደሮች የቅሬ መዝገብ ሲባል ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ልባስ ያለው የተሰመረ ደብተር ነው። የአባላቱ ስም በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ይዘረዘራል፤ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉት ወራት በየዓምዱ ራስ ላይ ይጻፋሉ፤ ስምና ወር በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ለከፈለው ምልክት ይደረግለታል፤ ያልከፈለው ሳጥን ባዶውን ይቀራል። ፊደል ያልቆጠረ አባል እንኳ የራሱን መስመር በጣቱ ተከትሎ ባዶውን ሳጥን ለማግኘት አይቸገርም።

ይህንኑ ሠንጠረዥ የሚመስል ነገር በግል ኮምፒዩተር መስኮት ላይ ታይቶ ዝና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ይማር የነበረው ዳን ብሪክሊን፣ በሰሌዳ ላይ ከተሠራ ሠንጠረዥ አንዱ ቁጥር ሲለወጥ የቀሩትን ሁሉ እያጠፉ እንደገና መጻፍ ግድ መሆኑን ተመለከተና ይህን ድካም ማሽን ሊሸከመው ይገባል ሲል አሰበ። ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ሆኖ ያወጣው ቪዚካልክ የተሰኘው ፕሮግራም በአፕል 2 ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ ነበር። በኋላ የመጡት ሎተስና ኤክሴል የእርሱ ዘሮች ናቸው። እንግዲህ የመርሳው የቅሬ ጸሐፊ ኤክሴልን ቢያይ የሚደነግጥበት ምክንያት የለም፤ ስምና ወር የሚገናኙበትን ሳጥን ከጥንት ያውቀዋልና። ልዩነቱ የእርሱ ደብተር ራሱ የማይደምር መሆኑ ብቻ ነው።

በሙያው መሐንዲስ የሆነ ወይም ከኮምፒዩተር ጋር የሚውል ሰው፣ ከዘመድም ከባልደረባም በኩል የደመወዝን መግቢያና መውጫ ለመከታተል የትኛው ፕሮግራም ይሻላል የሚል ጥያቄ ሳይቀርብለት አይቀርም። ጥያቄው የምርጫ ጥያቄ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ አካባቢ የቤተሰብን ሒሳብ እስከ ዛሬ ማን ይጽፈው እንደነበር ሳይጠይቁ መልስ መስጠት አይቻልም።

የገበሬው ቤተሰብ የሒሳብ መዝገብ አልነበረውም። ይህንንም በዕውቀት ማነስ ብቻ መተርጎም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የሀብሩ ገበሬ ገቢ በወር ተከፋፍሎ የሚመጣ አልነበረም፤ ማሽላውና ጤፉ ሲሰበሰብ የዓመቱ ገቢ አብዛኛው ባንድ ወቅት ከጎተራ ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የወጪ ሒሳብ ነው፤ ለዘር የሚቀመጥ፣ ለቀለብ የሚፈጭ፣ ለግብርና ለልብስ የሚሸጥ። ቀሪ ሒሳቡን የሚያሳየው የእህሉ ከፍታ ነበር። የቤቱ እመቤት እጇን ሰድዳ የደረሰበትን በመለካት፣ ያለው እህል እስከ እሸት የሚያደርስ መሆን አለመሆኑን ለመናገር ወረቀት አያስፈልጋትም። መለኪያውም ቁና እንጂ ብር አልነበረም። ገንዘቡ ራሱ ለረጅም ዘመን አንድ ወጥ መለኪያ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል፤ በሰሜን ኢትዮጵያ ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው ጎን ለጎን ሲሠራባቸው የኖረ ሲሆን፣ በ100 ሳንቲም የሚመነዘረው የዛሬው ብር የታወጀው በ1937 ዓ.ም. ነው።

ሒሳብ በወር መቆጠር የጀመረው ከደመወዝ ጋር ነው። አስተማሪው፣ ነርሱ፣ የወረዳው ጸሐፊ፣ በኋላም በሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠራው ባለሙያ በየወሩ በፔሮል ላይ እየፈረመ የሚቀበለው የተቆረጠ ገቢ አለው። በዚህ ጊዜ አንድ አስገራሚ ሁኔታ ተፈጠረ። የዚህ ሠራተኛ ገቢና ወጪ አብዛኛው በጽሑፍ ላይ የሰፈረ ሆነ፤ ዳሩ ግን ጸሐፊው እርሱ አልነበረም። ደመወዙን፣ የሥራ ግብሩንና የጡረታ መዋጮውን መሥሪያ ቤቱ ይጽፈዋል። የወሩን ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ባለሱቁ በዱቤ ደብተሩ ላይ ይጽፈዋል። የዕቁቡን ዕጣ የዕቁቡ ጸሐፊ፣ የቅሬውን መዋጮ የቅሬው ጸሐፊ ይጽፈዋል። እነዚህ አራት ደብተሮች ባንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ የቤተሰቡ ሒሳብ ከሞላ ጎደል በተሟላ ነበር፤ ነገር ግን በአራት ሰዎች እጅ እንደተበተኑ ኖሩ። ደመወዝ በደረሰ ቀን ባለሱቁ ደብተሩን ዘርግቶ ድምሩን ሲናገር፣ ባለዕዳው የሚያስተያይበት የራሱ ጽሑፍ ስለሌለው የሚከራከረው በትዝታው ነው። በትዝታና በወረቀት መካከል በሚነሣ ክርክር ደግሞ የሚረታው ወረቀት ነው።

ለገቢና ወጪ መከታተያ የሚሆን የኮምፒዩተር ፕሮግራም የመምረጡ ጉዳይ በአገራችን በሰፊው የተነሣው በቤተሰብ ደረጃ ሳይሆን በመንግሥት ሒሳብ ላይ ነው። ታሪኩ እስከ ወረዳ የወረደ በመሆኑ ጠለቅ ብሎ ማየት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በተጀመረው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ውስጥ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር አንዱ ክፍል ነበር። ይህንኑ ለማገዝ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራውና በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ዲ ኤስ ኤ ተብሎ የታወቀው የያልተማከለ አስተዳደር ድጋፍ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ ጀመረ፤ ስቲቨን ፒተርሰን የተባሉ ምሁርም ለረጅም ጊዜ መሩት። በዚያን ዘመን የመንግሥት ሒሳብ የሚያዘው በነጠላ ምዝገባ ነበር። ገንዘብ ሲገባ ገቢ፣ ሲወጣ ወጪ ተብሎ ይጻፋል፤ የወጣው ገንዘብ ሌላ ምን እንደለወጠ ግን መዝገቡ አይናገርም። ለምሳሌ ለአንድ ሠራተኛ የውሎ አበል ቅድሚያ ቢሰጠው፣ ገንዘቡ ከካዝና መጉደሉ ይታወቃል፤ ሠራተኛው ባለዕዳ መሆኑ ግን በሌላ ወረቀት ካልተያዘ በቀር ይረሳል። በድርብ ምዝገባ፣ ማለትም ሉካ ፓቾሊ የተባለው ኢጣሊያዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ በዘረዘረው ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ድርጊት በሁለት ቦታ ይጻፋል፤ ካዝናው ሲጎድል የባለዕዳው ስም አብሮ ይነሣል። የኢትዮጵያ መንግሥት ሒሳብ ወደዚህ ሥርዓት እንዲሸጋገር ተወሰነ።

እዚህ ላይ ነበር የምርጫው ጥያቄ የተነሣው። በዘመኑ በብዙ አዳጊ አገሮች ይከተሉት የነበረው ፈሊጥ፣ በውጭ አገር ኩባንያ ተዘጋጅቶ ያለቀ ትልቅ የፋይናንስ ሥርዓት ገዝቶ መሥሪያ ቤቶቹን በእርሱ ልክ ማስተካከል ነው። በብዙ ቦታ እንዲህ ያለው ሥራ ለዓመታት ሲጓተት፣ ገንዘብም ሲበላ ታይቷል። በኢትዮጵያ የተያዘው መንገድ ሌላ ነበር። በመጀመሪያ የሒሳቡ አሠራር በወረቀት ላይ ተስተካከለ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ሠለጠኑ፤ ፕሮግራሙም ሠራተኛው በእጁ ይሠራው የነበረውን ተከትሎ እየተሻሻለ ተሠራ። መጀመሪያ ቢ ዲ ኤ፣ በኋላም አይቤክስ የተባለው ይህ ፕሮግራም ነው። ምሕፃሩ በአጋጣሚ ይሁን በብልኃት የዋልያን ዘመድ ስም ይዟል፤ ለተራራማ አገር የሚስማማ ስም ነው።

በ1995 የበጀት ዓመት በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች የጥቅል በጀት በቀጥታ ለወረዳዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ሀብሩን የመሰለ ወረዳ የራሱን ሒሳብ የሚይዝ መሥሪያ ቤት ያስፈልገው ነበር። ይህም ሥራ በወረዳው የገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ጽሕፈት ቤት ተማከለ፤ የትምህርቱም፣ የጤናውም፣ የግብርናውም ሒሳብ ባንድ ቋት ይያዝ ጀመር። የሒሳብ ሠራተኛው መደቦቹን በቁጥር ያውቃቸዋል፤ የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ 6111 ነው፣ በካዝና ያለ ጥሬ ገንዘብ 4101፣ በባንክ ያለ 4103። መብራት ሲጠፋ ሥራው በወረቀት ይቀጥላል፤ ወረቀቱና ፕሮግራሙ አንድ ቋንቋ ይናገራሉና። ተዘጋጅቶ ያለቀ ሥርዓት የሚገዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነው። የበጀት ዓመቱም ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑ ቀርቶ ወደ ጥር ይዛወር ያለ ሰው አልተነሣም፤ ፕሮግራሙ ለዘመን አቆጣጠሩ ተገዛ እንጂ ዘመን አቆጣጠሩ ለፕሮግራሙ አልተገዛም። ከዚያ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ከውጭ የተገዛ ሥርዓት ያስገባ ሲሆን፣ አይቤክስ ግን በወረዳ ደረጃ ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል ኖሯል።

በዚሁ ቢሮ የሚሠራው ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ የራሱን ሒሳብ በምን ይያዝ?

በሰለጠነው ዓለም ለዚህ የሚሆኑ ፕሮግራሞች ከተፈጠሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 በስኮት ኩክና በቶም ፕሩ የተቋቋመው ኢንቱዊት የተባለ ኩባንያ ኩዊክን የሚባለውን ፕሮግራም አወጣ። ለስኬቱ ዐቢይ ምክንያት የሆነው መስኮቱ የአሜሪካ ቤተሰብ በየቀኑ የሚይዘውን የቼክ ደብተር መምሰሉ ነው፤ ሰው የሚያውቀውን ወረቀት በኮምፒዩተር ላይ አገኘው። ማይክሮሶፍት መኒ የተባለ ተወዳዳሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ግኑካሽ የተባለ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝና የድርብ ምዝገባን ሥርዓት የሚከተል ፕሮግራም ወጣ። የሀብሩ የሒሳብ ሠራተኛ ከእነዚህ ሁሉ ቶሎ የሚገባው ግኑካሽ ነው፤ ዴቢትና ክሬዲቱን ያውቀዋልና። የቼክ ደብተር ግን የመርሳ ቤተሰብ የሚያውቀው ወረቀት አይደለም፤ የሚያውቀው የዱቤውንና የቅሬውን ደብተር ነው።

ከዚህ የሚከብደው የቀን ጉዳይ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያውቁት የአውሮፓውያንን ወር ብቻ ነው። ኅዳር ከእነርሱ አቆጣጠር በሁለት ወር ተከፍሎ ይወድቃል፤ ብዙውን ጊዜ ከኖቬምበር 10 እስከ ዲሴምበር 9። የኅዳር ወጪ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለጥያቄው ሁለት ቁራጭ መልስ ያገኛል። ጳጉሜን ደግሞ ከነአካቴው አይታወቅም። ሒሳቡን በቀን ብንመለከተው፣ የነሐሴ ደመወዝ ነሐሴ 30፣ የመስከረም ደመወዝ መስከረም 30 የሚከፈል ቢሆን፣ በሁለቱ መካከል 35 ቀን፣ በየአራት ዓመቱም 36 ቀን አለ። በሌላው ወር ሁሉ ልዩነቱ 30 ቀን ነው። ለጳጉሜን ደመወዝ የለም፤ ምሳ ግን አለ። ይህም የዓመቱ ረጅሙ ጥበቃ የዘመን መለወጫው በግ፣ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ፣ የመስቀልም ወጪ ባንድነት የሚመጡበት ነው። አምስት ቀን ቀላል ነገር መስሎ የሚታየው ደመወዙ ለማያልቅበት ሰው ብቻ ነው። አሥራ ሦስት ዓምድ ያለው ደብተር ይህን ክፍተት በግልጽ ያሳየዋል፤ አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቀው ውድ ፕሮግራም ይደብቀዋል።

በሀብሩ ከዚህ ሌላ ሦስተኛ አቆጣጠር ይጨመራል። የወረዳው ሕዝብ ብዙው ሙስሊም በመሆኑ የረመዳንና የኢድ ወጪ በጨረቃ ዓመት ይዞራል። ኢድ አልፈጥር በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ 24 ቀን ውሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ግን መጋቢት 21 ቀን ዋለ። የዘንድሮን ሚያዝያ ካምናው ሚያዝያ ጋር እያስተያየ ወጪህ ጨመረ፣ ወጪህ ቀነሰ የሚል ፕሮግራም ለዚህ ቤተሰብ የሚነግረው ነገር ትርጉም የለውም። ከባሕር ማዶ፣ በተለይም ከዓረብ አገሮች ልጆች የሚልኩትም ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ከበዓልና ከሐዘን ጋር ስለሚመጣ እንደ ደመወዝ በወር የሚቆጠር አይደለም።

የፊደሉ ነገር በአንጻሩ መፍትሔ አግኝቷል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት በየፕሮግራሙ በተለየ ቁጥር የተሠሩ የአማርኛ ፊደላት ስለነበሩ ባንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ «በርበሬ» ብሎ ጽፎ ከጎኑ ዋጋውን ማስፈር የሚከለክል ነገር የለም። በዚህም ምክንያት ደመወዝተኛው ከቢሮው የሚያውቀውን ኤክሴል ይዞ፣ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ እየጻፈ፣ አሥራ ሦስት ገጽ ከፍቶ ቢጠቀምበት ከተዘጋጁት ፕሮግራሞች ሁሉ የተሻለ ያገለግለዋል። ጉድለቱ አይካድም፤ አንድ ሳጥን በስህተት ቢነካ ድምሩ ይበላሻል፣ የሚያስጠነቅቀውም የለም። የድርብ ምዝገባ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒዩተር የሌለው ሰው ግን ይበዛል፤ ወደ ብዙው ቤት የገባው ስልኩ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች የክፍያ አገልግሎት እንዲሰጡ የሚፈቅድ መመሪያ አወጣ፤ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ። የተላከና የተቀበለ ገንዘብ ሁሉ፣ ቀኑና ቀሪ ሒሳቡ ሳይቀር፣ በአጭር መልእክት ይደርሳል። ብዙዎች ይህንን የመልእክት ክምር እንደ ሒሳብ መዝገብ መቁጠር ጀምረዋል። ሆኖም መልእክቱ ለማን እንደተከፈለ ይናገራል እንጂ ለምን እንደተከፈለ አይናገርም፤ በጥሬ ገንዘብ ከገበያ የተገዛውንም ጭራሽ አያውቀውም። ከሁሉ በላይ ግን ይህም አምስተኛ ደብተር ነው፤ ጸሐፊው አሁንም ቤተሰቡ አይደለም።

የሌላ እጅ ጽሑፍ ላይ መደገፍ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለመታየት ብዙ ጊዜ አልፈጀም። ቴሌብር ከተጀመረ ከሦስት ወር በኋላ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወልድያንና መርሳን አዳረሰ፤ አካባቢው ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ ሆኖ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆየ። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጡ። በባንክም በስልክም ያለ ገንዘብ ባለቤቱ የማይደርስበት ቁጥር ሆነ። ከላይ የተነገረው ረጅሙ የጳጉሜን ጥበቃ በዚያ ዓመት አራት ወር ያህል ተራዘመ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተሮች ተዘረፉ፣ ተሰባበሩም፤ ሰነዶች ተበተኑ። ባንኮቹ ሲከፈቱ ዋናው መዝገባቸው ከአካባቢው ውጭ ተቀምጦ ስለነበረ የደንበኞቹ ሒሳብ አልጠፋም፤ ይህ የዘመናዊው አሠራር ትልቅ ጥቅም መሆኑን መመስከር ይገባል። በተቃጠለ ሱቅ ውስጥ የነበረ የዱቤ ደብተር ግን ሌላ ቅጂ የለውም፤ ባለሱቁም ባለዕዳውም ሁለቱም ወደ ትዝታ ተመለሱ። በእነዚያ ወራት ከጎረቤት የተወሰደ ዱቄት፣ ከዘመድ የተበደሩት ብር በየትኛውም ኩባንያ መዝገብ ላይ የለም። የጻፈው ካለ በቤቱ ደብተር የጻፈው ሰው ብቻ ነው።

ጦርነት በሌለበት አገርም መዝገብ በሌላ እጅ ሆኖ ይጠፋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 የመኒን ሽያጭ አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረውና በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች የነበሩት ሚንት የተባለው አገልግሎት በ2024 ተዘጋ፤ ተጠቃሚዎቹም የዓመታት ሒሳባቸውን በተቆረጠ ቀን ገልብጠው እንዲወስዱ ተነገራቸው። ለመውሰድ የቻሉት ፕሮግራሙ ጽሑፉን በነጠላ ሰረዝ በተለያየ ተራ ሠንጠረዥ ስለሚያወጣ ነው። የትኛው ይሻላል ብሎ ለሚጠይቅ ዘመድ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ውበቱ ከመናገር በፊት ይህን ማስፈተሽ ይቀድማል፤ የአንድ ወር ወጪ ጽፎ፣ ከፕሮግራሙ አውጥቶ፣ በሌላ ፕሮግራም ከፍቶ ወይም በወረቀት አትሞ ማንበብ ይችል እንደሆነ። አሥራ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው።

የቅሬው ጸሐፊ ይህን ያለ ኮምፒዩተር ሲሠራው ኖሯል። ደብተሩ ሲያልቅ አዲስ ያስገዛል፤ ስሞቹን በተራቸው ይገለብጣል፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የቀረበትን ዕዳ ያዛውራል፤ አሮጌውንም ደብተር አይጥለውም።